ያረረ አንጀት

ዓሣ ሲሞት ስለማይጮህ የእርባታው ዘበኛ ሌሊቱን በሰላም ተኝቶ ነው ያደረው። ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ፊቱን ሊታጠብ ወደ ቧንቧው ሲሄድ፣ ከአምስተኛው እስከ ስምንተኛው ገንዳ ያለው ውሃ ጠፋበት። ውሃው የት እንደሄደ እስኪገባው ትንሽ ቆመ። የትም አልሄደም፤ ተሸፍኖ ነው። ከዳር እስከ ዳር ነጭ ሆድ ብቻ።

ከአንድ እስከ አራት ባሉት ገንዳዎች ያሉት ዓሦች ግን ምንም አልሆኑም። ዘበኛው ሲጠጋቸው እንደ ሁልጊዜው ቁርስ መጣ ብለው ተንጋግተው አፋቸውን ከፈቱለት።

"መርዝ ነው!" አለ የእርባታው ባለቤት በስልክ። "ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ዓሣ! ሰው ገብቶ መርዞብኛል። ፖሊስ ይምጣልኝ!"

ጣቢያው ውስጥ ስልኩ ሳቅ አስነሣ። አለቃው ከቢሮው ብቅ ብሎ፣ "ኢንስፔክተር፣ ይህን ጉዳይ እርስዎ ይያዙልኝ" አለ።

መርማሪው ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው፤ አለቃው ሠላሳ ስድስት። አለቃው ገና ልጅ እያለ አዲስ ምልምል ሆኖ ሲመጣ የተጠርጣሪ ቃል አቀባበል ያስተማረው መርማሪው ነበር። "ሰው ያለውን እንዳለው ጻፍ፤ ቃል አታሳምር" እያለ ሰባት ዓመት ከጎኑ ይዞት ዞረ። ልጁም "ጋሼ" ይለው ነበር። ባለፈው ዓመት መርማሪው ለራሱ ሲጠብቀው የኖረው ወንበር ለልጁ ተሰጠ፤ "ጋሼ" ቀረና "ኢንስፔክተር" መጣ። መርማሪው በበኩሉ አጉል ቦታ ላይ ወደቀ። "አንተ" እንዳይለው አለቃው ነው፤ "እርስዎ" እንዳይለው ምላሱ አልታዘዝ አለው። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ አንተም እርስዎም በሌለበት ዓረፍተ ነገር ሲያነጋግረው ከረመ።

"ይታያል" አለ አሁንም። "ሪፖርቱ ይቀርባል።"

ሲወጣ ጸሐፊው ከመዝገቦቹ መሀል ቀና አለ። "ጠንቀቅ ይበሉ ጋሼ! ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል።"

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። መርማሪው አብሮ ሳቀ፤ አንጀቱ ግን አረረ። የባንክ ዘረፋ ለወጣቶቹ፣ የሞተውን ዓሣ ለሽማግሌው!

*

ስምንቱ የሲሚንቶ ገንዳዎች አራት በአራት ሆነው ፊት ለፊት ተሠርተዋል። ጫፍ ላይ የመኖ ክፍሉ አለ፤ ከጀርባው ደግሞ ጭስ ያጠቆረው ቆርቆሮ ቤት። የዓሣ ሐኪሙ ቀድሞ ደርሶ፣ እጅጌውን እስከ ክንዱ ሰብስቦ፣ ጣውላ ላይ ሦስት ዓሣ ሰንጥቆ ጠበቀው።

"ውሃው ንጹሕ ነው" አለ። "መርዝ የሚባል የለም። ግን አንጀታቸውን ይዩልኝ።"

መርማሪው አላየም፤ ቁርሱን በልቶ ነው የመጣው። "ምን ሆኗል?"

"ተቃጥሏል። የታችኛው አንጀት እንዳለ አብጦ ቀልቷል። ይሄ የአንድ ሌሊት ሥራ አይደለም ጌታዬ፤ ሁለት ወር፣ ሦስት ወር። እነዚህ ታመው የከረሙ ናቸው። ትናንት ደግሞ ገንዳ ይታጠብ ተብሎ በመረብ ተይዘው ሲዛወሩ ውለዋል። ጤነኛ ዓሣ ያንን ይችለዋል። የታመመ ግን…" መዳፉን ገለበጠ።

"ምንድን ነው ያሳመማቸው?"

"የሚበሉት። ከአንድ እስከ አራት ያሉት የድሮውን የዓሣ ዱቄት ነው የሚበሉት። እነዚህኞቹ አዲሱን፤ አኩሪ አተር፣ የዘይት ፍሬ ተጨምቆ የሚቀረው ፋጉሎ፣ ፉርሽካ። ሁሉም ከእህል። ቀማሚዋን ይጠይቋት። እዚያ የምታለቅሰው ናት።"

ቀማሚዋ ሃያ ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው። ነጭ ጋዋኗ እጅጌው ላይ በእንባ ረጥቧል። መርማሪውን ወደ መኖ ክፍሉ አስገብታ ወንበር ጠርጋ ሰጠችው።

"ከባሕር ዓሣ ተይዞ፣ ደርቆ፣ ተፈጭቶ ነው ለዓሣ የሚሰጠው" አለች። "አንዱን ለማሳደግ ሌላውን መግደል። እኔ ያንን ለመተው ነው የደከምኩት። ደግሞ ተሳክቶልኝ ነበር! የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት የእኔዎቹ ከድሮዎቹ በልጠው አደጉ። ከዚያ ምን እንደነካቸው አላውቅም፤ መኖ መተው ጀመሩ።"

"አኩሪ አተሩ ይሆን?"

"ጥሬው ቢሆን አዎ። ጥሬ አኩሪ አተር ውስጥ ምግብ እንዳይፈጭ የሚይዝ ነገር አለ፤ እሳት ብቻ ነው የሚገድለው። ሳይቆላ ከበሉት አንጀታቸው ይቆጣል። የኛ ግን ይቆላል። ረመጥ የሚሉት ሰው አለን፤ ዝም ብሎ የሚነድ ስለሆነ ነው ረመጥ ያሉት። ኑ፣ ላሳይዎ።"

መደርደሪያው ላይ ያለፉት ሦስት ወራት ቀን የተጻፈባቸው ዘጠኝ ጠርሙሶች ተደርድረዋል። በተቆላ ቁጥር ከተፈጨው ዱቄት አንድ ጠርሙስ ናሙና ይመጣላታል። አንዱን ከፈተች፤ ዱቄቱን በውሃ በጥብጣ፣ ለኩሬ ከሚገዛው ማዳበሪያ አንድ ማንኪያ ዩሪያ ጨመረችና ክዳኑን ዘጋች።

"ጥሬ ከሆነ ዩሪያውን ይሰብረዋል፤ ሲከፈት ዓይን የሚያስለቅስ ሽታ ያወጣል። ሃያ ደቂቃ እንጠብቅ።"

ሲጠብቁ መርማሪው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ፎቶ አየ። ቀማሚዋ መሀል ቆማለች፣ ባለቤቱ በቀኟ፣ እንግዶች በግራዋ፣ ከፊታቸው በመረብ የተያዘ የሰባ ዓሣ። የመረቡን እጀታ የያዘው ሰው ግን ፎቶው ውስጥ የለም፤ ክፈፉ ቆርጦታል። የሚታየው አንድ ክርን ብቻ ነው።

ክዳኑ ተከፈተ። ምንም አይሸትም።

"ይኸው!" አለች ቀማሚዋ። "ዘጠኙንም ፈትኛለሁ። ሁሉም አንድ ናቸው።"

በእርግጥም አንድ ናቸው፤ ከአንድ ጣቃ እንደተቆረጠ ጨርቅ። መርማሪው ማስታወሻው ላይ "ዘጠኝ ጠርሙስ፣ አንድ መልክ" ብሎ ጻፈ። ለምን እንደጻፈው አላወቀም።

ከውጭ የዘበኛው ድምፅ ተሰማ። "እንኳን መጣሽ እትዬ፣ አለቅን!"

አርባን የተሻገረች ሴት የጉዞ ቦርሳ ይዛ በሩን አልፋ ገባች። ሠርግ የሚሄዱበት ቀሚስ ለብሳለች፤ የጫማዋ ተረከዝ ጭቃ ይዟል።

"እትዬ!" ቀማሚዋ ሮጣ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። "እትዬ፣ አለቁልኝ!"

ታላቅየዋ እህቷን አቅፋ፣ ዓይኗን ግን ከገንዳው አልነቀለችም። ቀስ ብላ ከእቅፉ ወጣች፤ በሠርግ ቀሚሷ ተንበረከከች፤ አንዱን ዓሣ አንስታ መረብ የላጠውን ጎኑን አየች፤ በአውራ ጣቷ ሆዱን ዳሰሰችው።

"ማነው ያዛወራቸው?" አለች። "እኔ ሳልኖር ማነው ያዛወራቸው?"

የገንዳዎቹ ኃላፊ እሷ ናት፤ አሥራ አራት ዓመት እዚሁ ሠርታለች። ቅዳሜና እሁድ የአጎቷ ልጅ ሠርግ ላይ ነበረች፤ መቶ ሰው ይመሰክራል። መርማሪው ይህንንም ጻፈ።

ሲወጣ አንድ ጥቁር ሰው በሁለት ባልዲ የሞተ ዓሣ ተሸክሞ አለፈው። ቅንድቡ ላይ አመድ አለበት። "ረመጥ አንተ ነህ?" ቢለው፣ ባልዲውን ሳያወርድ በአዎንታ አንገቱን ነቀነቀና ሄደ።

*

ማክሰኞ መርማሪው የዓሣ ዱቄት ነጋዴውን መጋዘኑ ድረስ ሄዶ አገኘው። አዲሱ መኖ ከገባ ወዲህ እርባታው ከሱ የሚወስደው በግማሽ ቀንሷል። ነጋዴው እግሩ በጀሶ ታስሮ ሁለት ከረጢት ላይ ተዘርግቷል።

"ሰማሁ" አለ። "አልዋሽዎትም፣ ደስ ብሎኛል። ዓሣ አተር ይበላል? ነገ ደግሞ ድመት ጎመን ትብላ ይሉናል!"

"እግርዎ ምን ሆኖ ነው?"

"ከጭነት መኪና ወድቄ ነው። ከሰባት ሳምንት ወዲህ ከዚህ ከረጢት ተነሥቼ አላውቅም። እናንተ ሰዎች ግን እኔን የምትጠረጥሩኝ በምን ሒሳብ ነው? ዓሦቹ ካለቁ ዱቄቴን ማን ይበላልኛል? እኔ የምፈልገው ቀማሚዋ እንድትሄድ ነው፤ ዓሦቹማ ዕድሜ ይስጣቸው!"

መርማሪው ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ሰውየው እውነቱን ነው።

"ደግሞ ልንገርዎ" አለ ነጋዴው ወደ ጆሮው ጠጋ ለማለት እየሞከረ። "የነጋዴ ምቀኝነት በር ላይ ቆሞ ይሳደባል። አንጀት ድረስ የሚገባው የቤት ሰው ቅናት ነው።"

መርማሪው ወደ ጣቢያ ሲመለስ ሁሉም አለቃውን ከበው እጁን ይጨብጡታል። የዓሣ ሐኪሙ የዩሪያውን ፈተና በጠርሙሱ ሳይሆን ገንዳ ዳር ከተቀመጠው የመኖ ከረጢት በተወሰደ ዱቄት ሠርቶት፣ ክዳኑ ሲከፈት አራት ሰው አስሎት ወጥቷል። ጥሬ ነው። አለቃውም ራሱ ሄዶ ረመጥን ይዞት መጥቷል።

"አመነ" አለ አለቃው፣ የተተየበውን ቃል ለመርማሪው እያቀበለው።

መርማሪው ቆሞ አነበበ። ተጠርጣሪው አኩሪ አተሩን እንደ ደንቡ መቁላት ትቶ ላለፉት ሦስት ወራት ለብ ለብ ብቻ እንዳደረገው፣ ይህንንም የፈጸመው እህቱ ስለነገረችው መሆኑን አምኗል።

"እህቱ ገበያ ላይ እህል ትሸጣለች" አለ አለቃው። "እሳት ቀነሰ ማለት ማገዶ ተረፈ ማለት ነው። የተረፈው እንጨት ወደሷ ሄደ። ሐሙስ ጠዋት ስብሰባ ላይ መዝገቡን ዘግተን ለዐቃቤ ሕግ እንልካለን።"

"ሰውየውን ማነጋገር ይቻል ይሆን?"

"ቃሉን ሰጥቷል እኮ። እርስዎ ደክመዋል ኢንስፔክተር፤ ዛሬ አረፍ ይበሉ።"

በደግነት ነው ያለው። መርማሪውን ያቃጠለውም ደግነቱ ነው።

*

ረቡዕ መርማሪው ማልዶ ወደ እህል ተራ ሄደ። ፍትሕ ፍለጋ ነው ብሎ ለራሱ ነግሮታል። ልቡ ግን የሚፈልገው ሌላ ነው፤ ልጁ የሳተው አንድ ነገር፣ ትንሽም ብትሆን።

የረመጥ እህት ከሦስት ጆንያ ኋላ ተቀምጣ ከአንዲት ገዢ ጋር ትከራከራለች። "አንቺ፣ ምስሩን ከፈለግሽ እየዛቅሽ አትበትኚው! ዶሮ ነሽ?"

መርማሪው መታወቂያውን ሲያሳያት ከመቀመጫዋ ተነሣች።

"ወንድሜን የት አደረጋችሁት?"

"አኩሪ አተሩን ለብ ለብ አድርገው ያልሽው አንቺ ነሽ?"

"እኔ? እኔ ጋሼን ላዝ?" ደረቷን መታች። "እኔ ጋሼን ቀና ብዬ አይቼው አላውቅም! እንጨት ወሰድሽ አሉኝ። ቤቴን ፈትሹ፤ የማበስለው በከሰል ነው!"

"ጋሼ ነው የምትይው?"

"ምን ልበለው ታዲያ? አሥራ አንድ ዓመት ይበልጠኛል።"

"ሌላ እህት የላችሁም? ከሱ የምትበልጥ?"

"እሱ የበኩር ነው። ሁለት ነን፤ እሱና እኔ። እሱንም እናንተ ወሰዳችሁብኝ።" የሻሿን ጫፍ ዓይኗ ላይ ጫነችው። "አራት ልጅ አለው። ዐቃቤ ሕግ ጋ ከሄደ አምስት ዓመት አይወጣም ይላሉ። እውነት ነው?"

መርማሪው ወደ ጣቢያው በእግሩ ገሰገሰ። ጸሐፊው ምሳውን ሊከፍት ሲል ደረሰበት።

"የረመጥን ቃል ስትቀበሉ በእጅህ የጻፍከው የታለ? ሳይተየብ በፊት ያለው።"

ጸሐፊው ከመሳቢያው የተጨማደደ ወረቀት አወጣ። መርማሪው መነጽሩን አደረገ። እዚያ ከረመጥ አፍ የወጣው እንዳለ ተቀምጧል፤ "እትዬ ለብ ለብ አርገው አለችኝ። እሺ አልኩ።"

እትዬ። አለቃው ሲያስተይብ ቃሉን አሳመረውና "እህቱ" አደረገው። ሰው እትዬ የሚለው ታላቁን ነው፤ ይህ ሰውዬ ደግሞ ታላቅ የለውም። ታዲያ ማንን ነው የሚለው? መርማሪው ዓይኑን ሲጨፍን ቀማሚዋ እየሮጠች ስትጠመጠም ታየችው። እትዬ፣ አለቁልኝ! ዘበኛውም እንደዚያ ነበር ያለው። ከትንሿ እህት አፍ የወጣ ስም እርባታውን ሞልቶታል።

የአለቃው በር አሥር እርምጃ ብቻ ነው የሚርቀው። መርማሪው ወረቀቱን ይዞ ሄደና ሊያንኳኳ እጁን አነሣ። ከውስጥ አለቃው በስልክ ሲስቅ ይሰማል። "አዎ ጌታዬ፣ በአንድ ቀን ነው የያዝነው" ይላል።

እጁ አየር ላይ ቆየ። ነገ፣ አሰበ። ነገ በስብሰባው፣ በሁሉም ፊት። ከደረጃው ሥር፣ ከእስረኞች ማረፊያ ክፍል፣ ጭስ የለመደ ሰው ሳል ተሰማ። መርማሪው እጁን አወረደ፣ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ፤ ሰዓቱን አየ፤ ስድስት ሰዓት።

*

ታላቅየዋን ከሰዓት በኋላ አንደኛው ገንዳ ዳር መረብ ስታጥብ አገኛት። ባዶዎቹ አራት ገንዳዎች በኖራ ታጥበው ነጭ ሆነዋል።

"ዘጠኙን ጠርሙሶች አይቼ ነበር" አለ አጠገቧ ባለው ድንጋይ ላይ እየተቀመጠ። "ረመጥ የሚቆላው በእጁ ነው። አንድ ቀን እሳቱ ይበረታል፣ አንድ ቀን እንጨቱ እርጥብ ይሆናል። ዘጠኝ ጊዜ አንድ መልክ አድርጎ የሚቆላ ሰው ገና አልተወለደም። ዘጠኙም ከአንድ ከረጢት ነው የተቀዱት፤ በደንብ ተቆልቶ ከተቀመጠ ከአንድ ከረጢት። ናሙናውን ለእህትዎ የሚያመጣላት ማነው?"

"ጭስ አይስማማትም" አለች መረቡን ማጠብ ሳታቆም። "ከልጅነቷ አስም አለባት። መቁያ ቤቱ ውስጥ እንዳትገባ የከለከልኳት እኔ ነኝ።"

"እርስዎ ነዎት የሚያመጡላት።"

"ቅዳሜና እሁድ ሠርግ ላይ ነበርኩ።"

"ለሁለት ቀን መቶ ምስክር አለዎት። ለሦስት ወር ግን አንድም የለዎትም። ሰኞ ሲመጡ ደግሞ ምን ገደላቸው አላሉም፤ ማን አዛወራቸው ነው ያሉት። መታመማቸውን ያውቁ ነበር።"

መረቡ ከእጇ ወደ ውሃው ሰመጠ። ዓሦቹ የሚበላ መስሏቸው ተሰበሰቡበት።

"እናታችን ስትሞት ስድስት ዓመቷ ነበር" አለች። "ትምህርቴን አቋርጬ ነው ያስተማርኳት፤ በደስታ ነው ያደረግሁት፤ ቅር ብሎኝ አያውቅም። እዚህ እንድትቀጠርም የለመንኩት እኔ ነኝ። ከዚያ እንግዳ በመጣ ቁጥር ባለቤቱ 'የባለሙያዋ እህት ናት' እያለ ያስተዋውቀኝ ጀመር። አሥራ አራት ዓመት በሠራሁበት ቤት! ፎቶ ሊነሡ ሲሉ እሷ 'እትዬ፣ ትንሽ ፈቀቅ በይ፣ ዓሣው ተሸፈነ' አለችኝ። በክፋት አይደለም። በክፋት ብትለኝ ይሻለኝ ነበር፤ እቆጣ ነበር፣ ይወጣልኝ ነበር።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ መዘንናቸው። የሷዎቹ የድሮውን ከሚበሉት ከኔዎቹ በሠላሳ ግራም በለጡ።" እጇን ዘረጋች፣ መዳፏ ላይ የሆነ ነገር ያለ ይመስል። "ሠላሳ ግራም ምን ያህል እንደሆነ ያውቃሉ? ግማሽ እንቁላል ናት። ያቺ ግማሽ እንቁላል እዚህ ገብታ" ሆዷን ያዘች "አላስተኛ አለችኝ። ለረመጥ 'ለብ ለብ አርገው' አልኩት። እኔ ካልኩት መቼ ጠይቆ ያውቃል? እንዲሞቱ አልነበረም ጌታዬ። ትንሽ እንዲከሱ ነው። ከኔዎቹ ትንሽ ብቻ እንዲያንሱ። እኔ ብኖር መረብ አይነካቸውም ነበር። ደካሞች መሆናቸውን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እኔ ደግሞ ሠርግ ላይ እጨፍር ነበር።"

ከመኖ ክፍሉ መስኮት ቀማሚዋ ጭንቅላቷን አወጣች። "እትዬ! ምሳሽን አልበላሽም እኮ። ላምጣልሽ?"

ታላቅየዋ የሰመጠውን መረብ ከውሃው ሳበች። "በልቻለሁ፣ አንቺ ብይ" አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "እርስዎ እንዳይነግሯት። እኔ ራሴ ልንገራት" አለች።

መርማሪው ቃሏን እንዳለ፣ "ግማሽ እንቁላል" የሚለውን ሳይቀር ጻፈ፤ እሷም ፈረመች። ወዲያው ይዟት መሄድ ይገባው ነበር። ይዟት ቢሄድ ግን አለቃው ዛሬውኑ ያውቃል፤ የነገው ስብሰባ ባዶ ይሆናል።

"ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ራስዎ ይምጡ" አላት። "አይጠፉብኝም?"

"የት እጠፋለሁ? ጠዋት እነዚህን ማን ያበላልኛል?"

ወደ ቤቱ ሲሄድ ለሴትዮዋ አዝኜላት ነው ብሎ ለራሱ ነገረው። መንገዱን ሁሉ ደጋግሞ ነገረው።

*

ሐሙስ ሁለት ሰዓት ላይ አለቃው መዝገቡን ከፍቶ "የእርባታውን ጉዳይ በሚመለከት" ብሎ ሲጀምር መርማሪው ተነሣ። የተተየበውን በቀኝ እጁ፣ የተጨማደደውን በግራው ይዞ ሁለቱንም አነበበ። ከዚያ እህል ሻጯ ወንድሟን "ጋሼ" ማለቷን፣ ዘጠኙን ጠርሙሶች፣ በመጨረሻም የታላቅየዋን ቃል። ከኋላ አንድ ሰው "እትዬን እህቱ!" ብሎ ሳቁን አፈነ። የአለቃው ጆሮዎች ምልምል በነበረ ጊዜ እንደሚቀሉት ቀሉ። መርማሪው እነዚያን ጆሮዎች ለማየት ዓመት ሙሉ ጠብቋል።

አለቃው መዝገቡን ዘጋ።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አለ ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ። "ሰው ያለውን እንዳለው ጻፍ ብለው ያስተማሩኝ እሳቸው ነበሩ። ከሳቸው ተማሩ፤ ከኔ አትማሩ። ሰውየው አሁኑኑ ይፈታ።" ከዚያ ወደ መርማሪው ዞሮ፣ "አመሰግናለሁ፣ ጋሼ" አለ።

ይኸው ነው። ሁሉም ወንበሩን እየገፋ ወጣ። መርማሪው ምራቁን ቢውጥ አፉ ውስጥ አንድም ጣዕም አልነበረም።

ቁልፉን ይዞ እራሱ ወረደ። ረመጥ የማረፊያ ክፍሉ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ፣ የተመለሰለትን የጫማ ክር አንድ በአንድ ይሰካ ጀመር።

"እትዬን ጠይቀዋት ነው?" አለ።

"አዎ።"

"እኔ እኮ መጀመሪያውኑ ነግሬያቸዋለሁ።"

"ነግረሃል።"

"መቼ ደረሱበት?"

ለእንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ መርማሪው ሠላሳ ዓመት ሲሰጠው የኖረ መልስ አለው፤ ወረቀት ነው፣ ፊርማ ነው፣ አሠራር ነው። አፉ ላይ መጥቶ ነበር።

"ትናንት" አለ። "ስድስት ሰዓት ላይ።"

የረመጥ ጣቶች ቆሙ። "ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሚስቴ ምሳ ይዛ መጥታ ነበር። 'ለአንድ ቀን አታምጪ፣ ለአምስት ዓመት ተዘጋጂ' ብለው መለሷት። ድምፅዋን ከዚህ ሆኜ ሰማሁት።" ክሩን ሳበ። "ታዲያ ሌሊቱን እዚህ ለምን አደርኩ?"

"ቀንቼ ነው።"

"በኔ?" ረመጥ ከልቡ ገረመው።

"ባንተ አይደለም። በሰው ፊት ልናገረው ብዬ አንተን አቆየሁህ። አንድ ሌሊት ምንም አይልም ብዬ።"

ረመጥ የመጨረሻውን ክር አሠረ፣ ተነሣ፣ ሱሪውን አራገፈ።

"እትዬም እንደሱ ነበር ያለችኝ። ትንሽ ነው፣ ምንም አይሉም አለችኝ" አለ። በሩ ጋ ደርሶ ዘወር አለ፤ የሚያውቀውን ሥራ እንደሚያስረዳ ሰው ሆነ። "ለብ ለብ ክፉ ነው ጌታዬ። ላዩ የበሰለ ይመስላል። ውስጡ ጥሬ ነው።"

መርማሪው በመስኮቱ ሲያየው ግቢውን አቋርጦ ሄደ። በሩ ላይ ታላቅየዋ ስትገባ ተገናኙ፤ ሰዓቱ ሦስት ሊሆን ትንሽ ይቀረዋል። ቀማሚዋ ከኋላዋ ሦስት እርምጃ ርቃ፣ ዓይኗ አብጦ፣ አትነካትም፤ የልብስ ቦርሳዋን ግን ይዛላታለች። ረመጥ እንደ ሁልጊዜው ጎንበስ ብሎ ሰላም አላትና መንገድ ለቀቀላት።

መርማሪው ደረጃውን ወጣ። የአለቃውን በር በዚህ ጊዜ አንኳኳ።

"ግቡ። ጋሼ! ምነው፣ የረሱት አለ?"

"የምሰጠው ቃል አለኝ" አለ መርማሪው። ወንበሩን ሳበ፤ ተጠርጣሪዎች የሚቀመጡበትን እንጂ የራሱን አይደለም። "ንጹሕ መሆኑን እያወቅሁ አንድ ሰው ሌሊቱን በእስር አሳድሬያለሁ። ምክንያቱንም እነግርዎታለሁ።"

አለቃው ከመርማሪው አፍ "እርስዎ" ሲባል ለመጀመሪያ ጊዜ መስማቱ ነው፤ ብዕሩ እጁ ላይ ቆመ።

"ይጻፉ እንጂ" አለ መርማሪው። "ሳያሳምሩ። እንዳልኩት።"